ኮሪን ሃዝሌት የሸመደደችው ሚና

ከበረሃ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ ሎስ አንጀለስን ማመስ ከጀመረ ሰንብቷል። ያ ነፋስ ሲነፍስ የከተማው ሰው ሁሉ ነገረኛ ይሆናል፤ ኮሪን ሃዝሌት ግን ለመቁነጥነጥ ነፋስም አያስፈልጋት። ከጠዋት ጀምራ ሳሎኗ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ትቀመጥና ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍትና መልሳ ትዘጋለች፣ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ ታስቀምጥና ወዲያው ታነሳዋለች። ከትናንት ምሳ ወዲህ ከአንድ ብርቱካን በቀር ወደ አፏ ያለችው ነገር የለም። ካሜራ ፊትን ያወፍራል። ደግሞስ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት መስሎ ለመታየት የተነሳ ሰው ምን ጉሮሮ ኖሮት ይበላል?

ኮሪን አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ በአንድ ፊልም ላይ በሙሽራ ቀሚስ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ የሳቀችው ሳቅ አገር ምድሩን አሳበደ። ከዚያ በኋላ በሠራቻቸው ፊልሞች ሁሉ አፈቀረች፣ በሁሉም ዝናብ መታት፣ በሁሉም መጨረሻ ላይ ተሳመች። ዛሬም ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲማቲም ስትመርጥ፣ "እስቲ አንዴ ሳቂልን!" የሚላት አይጠፋም። ሳቋን የሚፈልግ ሞልቶ ሥራ የሚሰጣት ከጠፋ ግን ሦስት ዓመት አለፈ። ይህቺን ነገር ካሰበች እግሯ አላርፍ ይላታል።

ወኪሏ አይራ ስታልማን ባለፈው ወር ሲደውልላት ድምፁ ማር ማር ይል ነበር።

"የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ ብለሻል?"

"መቀመጥ የት አውቅና? ተናገር።"

"ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ አንድ ቤት። ሌላ ሰው የለም። ዳይሬክተሯ ያለ አንቺ ማንንም ማሰብ አልቻልኩም ብላለች። ሬና ኦስትሮ ናት፤ በዕድሜ ገና ናት፣ ግን እሳት ናት።"

የትኛዋን ሆና እንደምትሠራ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። በዚህ ከተማ መርዶ የሚናገር አፍ ያለው ሰው አልተፈጠረም፤ ሁሉም ነገሩን በከረሜላ ጠቅልሎ ይሰጥሃል፣ አንተ ራስህ እስክትነክሰው ይጠብቃል። "የትኛዋ ነኝ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለኮከብ ውርደት ነው። እንግዲህ አንዱ ፈሪ፣ አንዷ ኩሩ ሆነው ስልኩን ዘጉ።

ስክሪፕቱ ሲደርሳት ልጅቷ ሠላሳ አራት፣ እናትየዋ ስልሳ ዓመት እንደሆናቸው መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ከአርባ ዘጠኝ ወደየትኛው እንደሚቀርብ ኮሪን ሒሳቡን አልሠራችውም። ቢጫ ማቅለሚያዋን አንስታ የልጅቷን ቃል ከዳር እስከ ዳር ቀባችው። በተለይ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ ለእናቷ የምትናገረው አለ፤ ሙሉ ገጽ ነው። ኮሪን እሱን ገላዋን ስትታጠብም፣ መኪና ስትነዳም፣ ጥርሷን ስትቦርሽም ስትለው ከረመች። ልጅቷ ያን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ እናትየዋ የምትመልሰው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ "ምሳ በልተሻል?" ትላለች። ኮሪን ይህን ስታነብ ሳቀች።

"ምስኪን!" አለች ለብቻዋ። "አንዷን አሮጊት ይቺን ለማስባል ነው የሚቀጥሯት?"

አሁን ከሬና ጋር የተቀጣጠረችበት ሰዓት ደረሰ። ኮከብ አይፈተንም፤ ፈተናው "እስቲ ተገናኝታችሁ ትንሽ አንብቡ" ይባላል። ኮሪን የገባት እናት ሊመርጡላት እንደሆነ ነው። ባርባንክ ያለው ስቱዲዮ ስትደርስ ነፋሱ ፀጉሯን በታትኖ አፏን አድርቆት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጂንስ የለበሰች፣ ፀጉሯን በላስቲክ ያሰረች ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች።

"የኔ እመቤት፣ ውሃ ታመጪልኛለሽ?" አለቻት ኮሪን። "በረዶ አይኑርበት።"

ወጣቷ ብድግ ብላ ወጣችና ውሃውን ይዛላት መጣች። ኮሪን ገና አንድ ጊዜ እንደተጎነጨች ሬና እጇን ዘርግታ ገባች።

"ኮሪን! እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተዋወቃችሁ አይደል? ማርሎ ፒርስ ናት። ልጅሽ።"

ኮሪን ክው አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ያንን የታወቀውን ሳቅ። ስንቱን ጉድ ያለፈችው በእሱ ነው።

"ልጄ ውሃ አጠጣችኝ" አለች። "አሳዳጊዋን አመስግኑልኝ!"

ሬና ከት ብላ ሳቀች። ማርሎ ፈገግ ብቻ አለች። እሷም ሚናው ገና አልተሰጣትም።

"እንግዲህ የመጨረሻውን እናንብብ" አለች ሬና። "ስክሪፕትሽ አለ?"

ኮሪን ቦርሳዋን ወደ እግሯ ሳብ አደረገች። የቀባችው ስክሪፕት ቢጫው ዳር ዳሩን ብቅ ብሎ ይታያል። "ቤት ረሳሁት" አለች። ሌላ ሰጧት። ንጹሕ ነጭ ነው፤ እናትየዋ ምን ምን እንደምትል አንዱንም በቅጡ አንብባው አታውቅም። ደሟ ፈላ፣ በአይራ፣ በራሷ፣ በነፋሱም። ተነስታ ለመውጣት እግሯ ቃጣ ቃጣ አለ። ግን ወዴት? ወደዚያ ሳሎን፣ መስኮት ወደ መክፈትና ወደ መዝጋት?

ማርሎ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ትቸኩላለች። "አንድ ቀን እንኳ አትሂጂ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? በየበሩ ቆሜ አፍሽን ስጠብቅ አይደለም ወይ ያረጀሁት?" አለችና መሃል ላይ ቀና ስትል የኮሪንን ከንፈር አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የማርሎን ቃል፣ ማርሎ ከመናገሯ በፊት፣ እያንዳንዱን ትለዋለች። ኮሪን እየሆነ ያለውን አላወቀችም፤ አፏ ነው የሚሄደው።

ማርሎ ፊቷ ደም ለበሰ። የተቀለደባት መስሏታል። ወረቀቱን ጣለችና የቀረውን ፊት ለፊቷ መጥታ ቆማ፣ እያንባረቀች፣ እንባዋ እየወረደ ተናገረችው። እንዲያ ንዴት ባይዛት ኖሮ ያን ያህል አትደርስም ነበር። አለቀ። የኮሪን ተራ ነው። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና፣

"ምሳ በልተሻል?" አለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ እንደተያዘ ሌባ።

ሬና ወደ ኮሪን ጠጋ አለች። "ያ የከንፈርሽ ነገር" አለች፣ "ልጇ የምትላትን ሁሉ አስቀድማ የምታውቅ እናት። ከየት አመጣሽው? ሁለታችሁንም እፈልጋለሁ። ኮሪን፣ ለአይራ ልደውልለት?"

"ላስብበት" አለች ኮሪን፣ ቦርሳዋን ታቅፋ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ማርሎ እየሮጠች ደረሰችባት። ነፋሱ አቧራውን ያንከባልለዋል።

"ምን አድርጌዎት ነው? ምን በደልኩዎት?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን አሾፉብኝ?"

ኮሪን ቦርሳዋን ከፍታ ስክሪፕቱን አወጣችና ሰጠቻት። ማርሎ ገለጠችው። ገጹ ሁሉ ቢጫ ነው፣ የእሷ ቃል ሁሉ። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

"ወይኔ" አለች። "የኔን ነው?"

"የኔ መስሎኝ ነበር።"

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቅ ነበር ወይ ያዝን ነበር። ማርሎ ግን የሙያው ሰው ናት። "እስቲ ይበሉልኝ" አለቻት።

"እዚህ?"

"እዚህ። አንዴ። ሌላ የት ይሉታል?"

እውነቷን ነው፣ ሌላ የትም አትለውም። ይህ ሲገባት ኮሪን አዘነች፣ ልጇን እንደቀበረች እናት አዘነች። ቦርሳዋን እንደ ሻንጣ በእጇ አንጠለጠለችና ተናገረችው። አልጮኸችም። "በየበሩ ቆሜ አፍሽን ስጠብቅ" ያለችው ላይ ድምፅዋ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ሦስት ዓመት ስልክ የጠበቀች ሴት ናት የተናገረችው። ያን ሁሉ ዘመን ካሜራ ፊት ቆማ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ ያየላት ደግሞ አንዲት ልጅና የቆሙ መኪኖች ናቸው። ጨርሳ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አታውቅም።

ማርሎ ስክሪፕቱን ዘጋችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣

"ምሳ በልተዋል?" አለቻት።

ያ የሳቀችበት ቃል አንጀቷ ውስጥ ገባ። ኮሪን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አልበላሁም" አለች እንደ ሕፃን። "ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም።"

ከስቱዲዮው በር ማዶ መንገድ ዳር ታኮ፣ በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ የሚሸጥ መኪና ቆሞ ነበር። ማርሎ ክንዷን ይዛ አሻገረቻት። ኮሪን ሥጋውን ከነስቡ፣ ከነቃሪያው አዘዘች፤ ቆማ፣ ሸሚዟ ላይ እያንጠባጠበች በላች፤ ደገመች። ሁለተኛውን እያኘከች ስልኳ ጮኸ። አይራ ነው።

"የኔ ቆንጆ፣ ሬና ደውላልኝ ነበር። ስሚ፣ እናትየዋ እንደሆንሽ ነግሬሻለሁ አይደል? ካልፈለግሽ፣ በጨዋ ደንብ እምቢ እላቸዋለሁ።"

ኮሪን አፏ ሙሉ ነበር። ዋጠችና፣ "እናትየዋ ነኝ በላቸው" አለችው። "አሁን ዝጋው፣ ልጄ ምሳ እያበላችኝ ነው።"