የሚልክያስ ስም

ማክዳ አንድ ቪዲዮ ለመሥራት ወር ይፈጅባት ነበር። ፒያሳ ውስጥ ይፈርሳሉ ወደተባሉ ቤቶች እየሄደች የኖሩባቸውን ሰዎች ታስወራለች። ከቢሮ ስትወጣ ደግሞ ቁጭ ብላ ድምፁን ታጠራለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ተመልካቿ ጥቂት ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ያያል።

ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ የእንጨት ሰገነት ባለው አሮጌ ቤት የሚኖሩት እማማ ተሾመች መጀመሪያ እምቢ ብለዋት ነበር።

"ምን የሚወራ ነገር አለኝ ብለሽ ነው?"

ስትመላለስ ግን ለመዷት። ቤቱን ሊለቁ ሲሉ ራሳቸው ደውለው ጠሯት። በወጣትነቱ በሕመም ስለተለያቸው አንድ ልጃቸው፣ ስለ ሚልክያስ አወሩላት። ከዚያ ተነሡና ሰገነቱ ላይ ወጥተው፣ ልጅ ሳለ ከጨዋታ ይጠሩት እንደነበረው ሁሉ፣ ወደ ባዶው ግቢ ተጣሩ።

"ሚልኪዬ! ምሳህ ቀዘቀዘ!"

ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

ቪዲዮው ሲወጣ ያዩት ሰዎች እያለቀሱ ጻፉላት። ብዙም ሳይቆይ አባይነህ የሚባል ብዙ ተከታይ ያለው ልጅ ያቺን ጥሪ ብቻ ቆርጦ አፈጠናት፣ ደጋገማት፣ ከበሮ ጨመረባት። አገር ሳቀ። ሰው ሁሉ በድምፁ እየጨፈረ የራሱን ቪዲዮ ለጠፈ። ለአባይነህ ዳጎስ ያለ ክፍያ መጣለት። የማክዳ ቪዲዮ ግን፣ ቪዲዮዎቹን የሚያወጣው ድርጅት ድምፁን የአባይነህ አድርጎ ስለመዘገበው፣ "ከሌላ የተወሰደ" ተብሎ ከክፍያ ታገደ። አቤት ብላ ጻፈች፤ አይሆንም የሚለውን መልስ የላከላት ሰው ይሁን ማሽን እንኳ አላወቀችም።

አባይነህን ቀጥራው ቸርችል ጎዳና አንድ ካፌ ውስጥ አገኘችው።

"የሞተ ልጃቸውን እኮ ነው የሚጠሩት" አለችው።

ማኪያቶውን ማማሰል አቆመ። "እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም። ያቺን ጥሪ ብቻ ነው ያየሁት።"

"እንግዲያው አጥፋው።"

"የኔን ባጠፋው ስንት ሰው ጋ ያለ ይመስልሻል?" አንገቱን ደፋ። "ከፈለግሽ ካገኘሁት ላካፍልሽ።"

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እማማ ተሾመች በስልካቸው ከመደወል ሌላ አያውቁበትም፤ ይህን አይሰሙም ብላ ተጽናናች። አዲስ የገቡበት ኮንዶሚኒየም ልትጠይቃቸው ስትሄድ ግን ገና ሳትቀመጥ ጠየቋት።

"አንቺ፣ የልጄን ስም እዚህ ሰፈር ማን ነገራቸው? ልጆቹ ደረጃው ላይ እየተጠራሩ ይስቁበታል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እኮ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።"

ማክዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሰሟት።

"ለዚህ ደግሞ ይከፈላል?"

"ይከፈላል፣ እማማ።"

"ላንቺስ ከፈሉሽ?"

"አልከፈሉኝም።"

"እንኳን አልከፈሉሽ" አሉና እጇን ያዙ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ "ብቻዬን ስሆን ቀስ ብዬ እጠራው ነበር" አሏት። "አሁን ስሙ አፌ ላይ ሲመጣ የነሱ ሳቅ ይቀድመኛል።"

ማክዳ እዚያው ቪዲዮዋን አጠፋችው፤ ሰዎች የጻፉላት ሁሉ አብሮ ጠፋ። የአባይነህ ቅጂ ግን እስካሁን ይዞራል። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልቀረጸችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ተሾመች ዘንድ ትሄዳለች። ስለ ውሃው መጥፋት፣ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ ያወራሉ። ሚልክያስን ሁለቱም አያነሡትም።