በቀይ ክር የተሰፉት

ሀብተሥላሴ መደርደሪያውን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። አሥራ አንድ መሆን የነበረባቸው መጻሕፍት አሁንም ሰባት ናቸው። ከአልጋው ሥር ፈለገ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ፈለገ፣ መጽሐፍ ሊገባበት የማይችል የጫማ ካርቶን ሳይቀር ገለበጠ።

"እቴነሽ፣ እዚህ የነበሩትን መጻሕፍት አይተሻል?"

ሚስቱ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። "የትኞቹን?"

"ቀይ ክር ያላቸውን።"

"እነሱንማ ትናንት ለቀበሌው ንባብ ቤት ሰጠሁ። ከሴቶች ማኅበር መጽሐፍ ሊሰበስቡ ቤት ለቤት ሲዞሩ መጡ፤ አራት ሰጠኋቸው። ምነው?"

ሀብተሥላሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ እነሱን ምን ብለሽ መረጥሽ?"

"ክራቸው ቀይ ነዋ። ለአብዮቱ ብለህ ለይተህ የሰፋሃቸው መስሎኝ። ነጭ ክሩን ብሰጥ ይታዘቡን ነበር" አለች፣ እርጥብ አንሶላ በክንዷ ላይ እንደያዘች።

ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሀብተሥላሴ የጎንደር ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ጠራዥ ነው። የተገነጠለ ሲሰፋ፣ የተበላ ጠርዝ ሲያስተካክል፣ በዱቄት ሙጫ ሽፋን ሲለጥፍ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በንጉሡ ጊዜ ቤቱ ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ አሜሪካዊ መምህር አገሩ ሲገባ በትንሽ ካርቶን አራት መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። መጻሕፍቱ ሁሉ ስለ ግድያና ስለ ምርመራ የሚተርኩ ልቦለዶች ነበሩ። ሀብተሥላሴ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ አንድ በአንድ አነበባቸው፤ ሲጨርስ እንደገና ጀመራቸው። እንግሊዝኛ ተማርኩ የሚለው ከነፍሰ ገዳዮች ነው።

በ1970 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳው ሲጀመር ጎረቤቱ ሁሉ መጽሐፉን አቃጠለ፤ ያልደፈረ ሽንት ቤት ጣለ። የሀብተሥላሴ እጅ ግን ለመጠገን እንጂ ለማቃጠል እሺ አላለውም። ሽጉጥ የያዙ ሴቶች የተሳሉባቸውን ሽፋኖች ብቻ አቃጠለ። ልቦለዶቹን ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በር ዘግቶ፣ ከሞስኮ የመጡ የእንግሊዝኛ የፖለቲካ መጻሕፍትን አሮጌ ሽፋን አለበሳቸው። ቤቱ ካሉት ከእውነተኞቹ የሞስኮ መጻሕፍት እንዲለያቸው እነዚያን በነጭ፣ እነዚህን በቀይ ክር ሰፋቸው። ቀይ ክር የሚጠረጥር ካድሬ አልተወለደም ብሎ ነበር። ለእቴነሽም አልነገራትም፤ ብትጠየቅ የማታውቀውን አታወጣም ብሎ። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አንዱንም ገልጦ አያውቅም።

አሁን አንድ ሰው አንዱን ገልጦ ሁለት መስመር ካነበበ አለቀለት። የአሜሪካን መጽሐፍ መደበቁ አንድ ጥፋት ነው፤ በአብዮቱ መጽሐፍ ሽፋን መደበቁ ደግሞ ሌላ ጥፋት። አራት ባለ ነጭ ክር መጻሕፍት ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወጣ።

ንባብ ቤቱ ከአውቶ ፓርኮ ሰፈር በላይ፣ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነው። በር ላይ የሚቀመጡት አያ ዳኛው ይባላሉ። ከዳባት የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ በእጃቸው ገብቶ ሳያነቡት አይለቁትም።

"አያ ዳኛው፣ ባለቤቴ ትናንት የሰጠቻቸው መጻሕፍት ስፌታቸው ላልቷል። በደህናዎቹ ልለውጣቸው ነው የመጣሁ።"

"ምነው፣ እኔስ ሸጋ ሆነው ነው ያየኋቸው" አሉ ሽማግሌው።

"አናታቸው ላይ ክሩ ሊፈታ ነው።"

"እንግዲህ ሙያው ያንተ ነው። ሦስቱ ያውልህ። አንዱን ጓድ አንዳርጋቸው ወስዶታል። እንግሊዝኛ እሱ አይደል የሚያውቀው? ለሐሙስ ውይይት ልዘጋጅበት ብሎ ትናንት ቀትር ላይ ይዞት ሄደ።"

አንዳርጋቸው የቀበሌው የውይይት ክበብ ሊቀመንበር ነው።

"ዛሬስ መጣ?" አለ ሀብተሥላሴ።

"አልመጣም። ጠዋት ስብሰባ ነበረበት፤ ቀረ። ቀርቶ አያውቅም። ሲያልፉ በመስኮት ያዩት ሰዎች መጽሐፉን ይዞ ተክዟል አሉኝ።"

ሀብተሥላሴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው እያዩት ስለሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም፤ ሦስቱን መጻሕፍት እንደ ሙያው በአውራ ጣቱ ይመረምር ጀመር። አንደኛው ወፈረበት። መጨረሻውን ሲገልጥ አሥራ ስድስት ቅጠል ወረቀት ከቀረው ገጽ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ አገኘው። የሌላ መጽሐፍ መጨረሻ እዚህ ተሰፍቷል። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም፤ በዚያ በሁለቱ ቀን ግን ጆሮው በሩ ላይ ነበር። በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ተጨመረበት።

ከዚያ ሳያስበው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ዝናብ የሚዘንብበት ከተማ፣ አንድ የተጎሳቆለ ቢሮ፣ የቤት ኪራይ ያለፈበት የግል መርማሪ፤ በሩ ተንኳኳና አንዲት ሴት ገባች። ሁሉም እንደተወው ጠብቆታል። ሴትዮዋ ልትዋሽ መሆኑን አስታወሰ፤ መርማሪው እያወቀ እንደሚሰማትም አስታወሰ። ደስ አለው። የሚታሰርበትን መጽሐፍ ይዞ ፈገግ ማለቱ የታወቀው ገጹን ሲያገላብጥ ነው።

"ሸጋ ነገር ይላል መሰል?" አሉ አያ ዳኛው።

"ስለ ወዛደሩ ነው" ብሎ ዘጋውና ሦስቱን በባለ ነጭ ክሮቹ ለውጦ ወጣ።

የአንዳርጋቸው ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ሀብተሥላሴ ግን እንዲርቅለት ፈልጎ ቀስ ብሎ ሄደ። ሲያንኳኳ ወዲያው ተከፈተ። አንዳርጋቸው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ የቀድሞ አስተማሪ ነው። መድረክ ላይ ሲያዩት ጸጉሩ የተበጠረ፣ ኮቱ የተተኮሰ ሰው ነበር። አሁን ጺሙን አልተላጨም፤ ዓይኑም ቀልቷል።

"ይግቡ፣ ጓድ ሀብተሥላሴ። እንደሚመጡ አውቄ ነበር" አለና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል።

"ይህን የጠረዙት እርስዎ ነዎት?"

ጎንደር ውስጥ የእሱን ስፌት የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ መካዱ ትርፍ አልነበረውም። "እኔ ነኝ።"

"ማነው ያዘዘዎት?"

"ማን ያዘኛል?"

"እባክዎ ይንገሩኝ" አለ አንዳርጋቸው። "ከአውራጃ ነው ወይስ ከክፍለ ሀገር? ሪፖርት አደርግ እንደሆነ ለማየት ነው ያስቀመጣችሁት። ወዲያው ባለማምጣቴ ተጽፎብኛል። አይደለም?"

ሀብተሥላሴ የሰማውን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ሰውየው ፈርቷል። እሱ ሰውየውን የፈራውን ያህል ሰውየውም እሱን ፈርቶ አድሯል። ሳይጋበዝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ማንም አላዘዘኝም፣ ልጄ። የራሴ ነው። ባለቤቴ ተሳስታ ነው የሰጠችው" አለና ካርቶኑንም፣ አሰሳውንም፣ ክሩንም አንድ ሳያስቀር ነገረው። "ቀይ ስለሆነ አብዮታዊ መስሏት" ያለው ላይ ሲደርስ አንዳርጋቸው መሳቅ ጀመረ። ሳቁ አልቆም ብሎት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሀብተሥላሴም ሳቀ። ሁለቱም እንዲህ ከሳቁ ዓመታት አልፈዋል።

"ታዲያ ከፈራህ ለምን አልዘጋኸውም?" አለ ሀብተሥላሴ ዕንባውን እየጠረገ።

"ሁለት ገጽ አንብቤ ልዘጋው ነበር፣ ጋሼ። አልቻልኩም።" አንዳርጋቸው መጽሐፉን አነሳው። "ዛሪማ ተወልጄ ደባርቅ ነው የተማርኩት። አሜሪካዊ አስተማሪ ነበረን፤ እንደዚህ ያሉ መጻሕፍት ያውሰን ነበር። ለእኔ ሰባት ሰጥቶኝ ሄደ። በሰባው አሰሳ አቃጠልኳቸው። ረስቼያቸዋለሁ ብዬ ነበር።"

መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሜን ምናለን ከቤት ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ተገኘ። ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ የለም፣ ጋሼ። እኔም አልጠየቅኩም። እዚህ ውስጥ ግን አንድ የማያውቀው ሰው ሞተ ብሎ መርማሪው በዝናብ ይዞራል፣ ይደበደባል፣ ደግሞ ተነስቶ ይጠይቃል። ሌሊቱን ስቀናበት አደርኩ።"

ይህን የተናገረ ሰው ሕይወቱን በሰሚው እጅ አስቀምጧል። ሁለቱም ያውቁታል። ሀብተሥላሴ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

"አሁን ደግሞ ጉዱን ይዩልኝ" አለ አንዳርጋቸው የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ። "መርማሪው ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስቦ 'ገዳዩ ከመካከላችን ነው' አለ። እዚያ ላይ አለቀ። ስብሰባ የቀረሁት ለምን ይመስልዎታል? ማን እንደሆነ ሳወጣ ሳወርድ ነው።"

የጎደለው መጨረሻ በሀብተሥላሴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ገዳዩን ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ስሙን ቢነግረው ነገሩ ያልቃል፤ መጽሐፉን ቦርሳው ከትቶ ይሄዳል፤ በዚህ ቤት ውስጥ በእሱ ላይ የሚመሰክር አንድም ወረቀት አይቀርም። የመጣውም ለዚሁ ነበር። ቦርሳውን ከፈተና ወፍራሙን መጽሐፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀመጠው።

"ከኋላ አሥራ ስድስት ቅጠል ቆጥረህ ጀምር። መጨረሻው እዚያ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።"

አንዳርጋቸው መጽሐፉንም እሱንም አየ። "ትተውልኝ ሊሄዱ ነው?"

"ስትጨርስ የወፈረውንም ከመጀመሪያው አንብበው። ሴትዮዋን ግን አትመናት።" በሩ ጋ ሲደርስ ትዝ አለውና ተመለሰ፤ የቀረውን ባለ ነጭ ክር መጽሐፍ አወጣለት። "ይህ ደግሞ ለሐሙስ።"

አንዳርጋቸው የሐሙሱን ሲያይ እንደ ሰለቸው ሰው ተነፈሰ።

እቴነሽ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሲወጣ ፊቱን አይታ ስለነበር ልብሱን ጨርሳም አልገባችም። "አገኘሃቸው?" አለችው።

"ሁለቱን።"

"የቀሩትስ?"

"እንዳሉ ይቆዩ። ደህና ሰው ጋ ናቸው።"

ደግማ አልጠየቀችውም። አምስት ዓመት ሙሉ እንዳልጠየቀችው ሁሉ አሁንም ልታልፈው ነው። ሀብተሥላሴ ለእሷ ብሎ ዝም ብሎ ነበር፤ ያ ዝምታ ግን ዛሬ ሁለቱንም ሊያስበላቸው ነበር። ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ክንዷን ያዘ።

"ነይ ቁጭ በይ" አላት። "ስለ ቀዩ ክር የምነግርሽ አለ።"

ነገራት። ከዚያም አንዱን መጽሐፍ ከቦርሳው አወጣና የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ፣ ቀስ እያለ ወደ አማርኛ ይመልስላት ጀመር። አንድ ሰው ሞቶ ተገኝቷል።

"ማነው የገደለው?" አለች እቴነሽ።

"ቆይ" አለ ሀብተሥላሴ። "እሱን አብረን ነው የምንፈልገው።"