በበዓል ብቻ የሚሠራው ኮምፒውተር

ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ የአባቴን በሬ ያሸጥሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ምስክር አባዬን ደፍሮ የሚጠይቅበት አፍ የለውም። እኔ ያምሮት ነኝ ማንኩሳ ድረስ ሄጄ አባዬ ፊት ቁጭ ብዬ የለመንሁት። ይኸ ልጅ እጁ ላይ ሙያ አለው አልኋቸው። ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ኮምፒውተር ይገጣጥም፣ ፍኖተ ሰላም እኔ ሱቅ ውስጥ ጽሕፈት ይጀምር፣ ፍርድ ቤቱ ከደጄ ነው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል ብዬ ምላሴ እስኪደርቅ ተናገርሁ።

አባዬ እሺ አሉ። ግን ቀን ቆረጡ። መጋቢት ሲጠባ እንጀራ የሚያወጣ ነገር ካልሆነ ዕቃው ተሸጦ በሬ ይገዛበታል፣ ልጁም ማንኩሳ ገብቶ ሞፈር ይጨብጣል። እውነታቸውን ነው። አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ማረስ ለአንድ ዓመት ያዘልቃል እንጂ ዕድሜ ልክ አይኬድበትም።

ምስክርን ያስፈራው ሞፈሩ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ነጥብ አልሞላህም ተብሎ ከመጣ ወዲህ አገሩ ስሙን ረስቶታል፤ ተመላሹ ነው የሚሉት። «ተመላሹ በጎቹን አይቷቸዋል?» ይባላል። አሁን ደግሞ ከኮምፒውተሩም ተመልሶ ቢገባ ይኸ ስም መቃብሩ ድረስ ይሸኘዋል።

እንግዲህ የሚሊኒየሙ ዓመት ጥር ላይ ምስክር አዲስ አበባ ሄዶ ዕቃውን በካርቶን በካርቶን አሥሮ መጣ። ሱቄ ወለል ላይ ጆንያ ዘርግቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲገጥም ዋለ። እኔ ከራሱ ላይ ቆሜ ይኸ ምንድነው፣ ያስ ለምኑ ነው እያልሁ አላስቀምጥ አልሁት። ማዘርቦርዱ ይኸ ነው፣ ራሙ ያ ነው፣ ይኼኛው ኃይል የሚያድለው ነው እያለ በትዕግሥት ነገረኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ የኮምፒውተሩ መስኮት በራ። ስሜን በአማርኛ ጻፈልኝ፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥሁት።

ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እማማ ወይኒቱ ከጅጋ መጡ። የድንበር ክስ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ ምስክር ይጽፋል፣ እኔ ሻይ አቀርባለሁ፤ ሁሉም አማረ። ገጹ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። አይጥ የሚሉትን ማውሱን ወዲህ ቢለው ወዲያ ቢለው ወይ ፍንክች። ስታክ አደረገ አለ ምስክር። አጥፍቶ ቢያስነሳው የጻፈው የለም። እማማ ወይኒቱ ክሳቸውን ከሀ ጀመሩ። ደገመ። ሦስተኛ ጊዜ ቀጥ ሲል ሴትዮዋ ደክሞት ይሆናል፣ ይረፍ ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ባሻገር ካለው ታይፕ ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ሻዩን እንኳ አልጨረሱትም።

እኔ ትዕግሥት ሲታደል ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር መሰለኝ፤ አልደረሰኝም። ያን ቀን ምስክርን ያላልሁት አልቀረም። እሱ ግን መፍቻውን አንስቶ ሣጥኑን ከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ያልተሞከረ ነገር ንገሩኝ። ራሙን አውጥቶ በላጲስ አሽቶ መለሰው። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደገና ጫነው፤ ቫይረስ ነው ብሎ የደንበኛ ፍላሽ እንዳይነካው ከለከለ፤ ገመዱን ሁሉ ነቅሎ ተከለ። ጠዋት ይሠራል፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቀጥ። በመጨረሻ ተሸክሞ ባሕር ዳር ድረስ ወሰደው። ጠጋኙ ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶት ዋለ፤ አንዴ እንኳ አላስነጠሰውም። ምንም የለውም ብሎ ለምስክር ከነካርቶኑ አስረከበው። አምጥተን ሱቅ ውስጥ በከፈትነው በሰዓቱ ቀጥ።

አንድ ነገር ግን አየን። ፀሐይ አዘቅዝቃ አየሩ ሲበርድ ደህና ይሠራል። ሙቀት ነው ለካ አልን። ምስክር የሣጥኑን ጎን ገንጥሎ ጣለው፤ እኔ ደግሞ የከሰል ማራገቢያዬን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ሁለት ሳምንት አራገብሁለት። ለባሌ እንዲህ አራግቤለት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልተፋታን። እሱ ግን ያው ቀጥ ይላል። ማታ ማታ ጻፉበት የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን የገጠር ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ፀሐይ ሳትጠልቅ አገሩ መግባት አለበት፣ መብራቱም በፈረቃ ነው። ማታ የሚሠራ ጸሐፊ ለማን ይሆናል?

የሙቀቱን ነገር ያፈረሰው የየካቲት ሚካኤል ነው። በዓል ስለሆነ ሱቅ አልከፈትሁም፤ ምስክር ግን ልሞክረው ብሎ ገብቶ አስነሳው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሰው ይቆላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሽው ይላል። እሑድም እንዲሁ። በሃያ አንድ ማርያም እንዲሁ። በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ እንዲሁ። ግድግዳዬ ላይ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ በእርሳስ ምልክት ሳደርግበት ከረምሁ፤ ምልክቱ ሁሉ ያረፈው በዓል ላይ ነው። በሥራ ቀን አንድም የለ። እኛ በበዓል አንሠራም፤ እሱ ደግሞ ከበዓል በቀር አይሠራም። ጠበል እንርጨው አልሁ የምሬን። ምስክር ጠበል የነካው ዕለት ጭሱን ነው የምታይው አለኝ። ያን ቀን እንኳ ሳቅን።

አባዬ የመጡት በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፣ ወደ እኛ ጎራ አሉ። መጋቢት ሊጠባ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ሱቁ ዝግ ነው፤ በጓሮ በኩል ሲገቡ ምስክርን አገኙት፤ ያ ኮምፒውተር ወለል ብሎ በርቷል፣ ጣቱ እየሮጠ ነው። የአባዬ ፊት ተለወጠ።

«በመድኃኔዓለም ቀን ነው የምትሠሩበት?»

ተንደርድሬ ገባሁና ሥራ አይደለም፣ ሙከራ ነው፣ ይኸ ነገር በሥራ ቀን እንቢ ይላል እያልሁ ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ ነቅዬ ምልክቱን ሁሉ አሳየኋቸው። ነገር አበላሸሁ። እርሳቸው የሰሙት ልጆቼ ያን ሁሉ በዓል ሽረዋል የሚለውን ብቻ ነው። ተቀመጡ። ረጋ ብለው በሥራ ቀን ተኝቶ በበዓል የሚነሣ ሎሌ እኔ ቤት አይቀጠርም አሉ። ነገ ገዥ እንድፈልግ፣ ምስክርም ልብሱን እንዲሸክፍ አዘዙ። ምስክር እሺ አለ። እሺ ብቻ።

እኔ ይኸ እሺ ነው ያቃጠለኝ። ጓሮ ተከትዬው ወጣሁና ምን ይሉታል እሺ፣ ተከራከር እንጂ፣ ለአንተ ብዬ አይደል ወይ በሬ ያሸጥሁት አልሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ልብሱን ከገመድ ሲያወርድ ጊዜ ከአፌ ወጣ።

«ድሮም ተመላሽ ነህ።»

አገሩ ሁሉ ሲለው እኔ ብዬው አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ልብሱን ከገመድ ላይ ማውረዱን ቀጠለ። ምነው አፌን በቆረጠው አልሁ፤ ግን በልቤ ነው ያልሁት፤ ለእሱ አልነገርሁትም።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ገዥ ብዬ ያስጠራሁት ነጋዴ ከመምጣቱ በፊት አባዬ አንድ ነገር ጠየቁ። የበሬዬን ዋጋ አንድ ጊዜ ሲሠራ ልየው፣ ስሜን ጻፍልኝ አሉ። ምስክር አስነሣው። አባዬ ዓይናቸው ጭጋግ ይዞታል፤ የምስክርን ጣት ለማየት አምፖሏን አብሩልኝ አሉ። እኔ ሱቄ ውስጥ በቀን አምፖል አብርቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ቋጣሪ ነኝ። መብራቱን ከጎረቤቴ ከጋሼ ሰይፈ ወፍጮ ቤት ነው የሳብሁት፤ ባሌን የፈታሁ ሰሞን ጨለማ አትቀመጭ ብለው የሰጡኝ ነው፤ ሳንቲም ተቀብለውኝም አያውቁ። በሰው መብራት በቀን ማብራት ነውር ይመስለኛል። ለአባዬ ግን አበራሁላቸው።

ምስክር «እጅጉ» ብሎ ጻፈ። የአያታችንን ስም ጀመረ። ከአጥሩ ወዲያ የጋሼ ሰይፈ ወፍጮ እንደወትሮው ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣና ማጓራት ጀመረ። እኔ ድምፁን ከመልመዴ ብዛት አልሰማውም። ኮምፒውተሩ የአያታችን ስም መሐል ቀጥ አለ። ምስክር እጁን አነሣ። ይኸው አልሁ እኔ።

አባዬ ግን ኮምፒውተሩን አላዩትም። ቀና ብለው ነበር።

«አምፖሏ ምነው ደነገጠች?»

ሁላችንም ቀና አልን። አምፖሏ ቅድም ወርቅ የነበረች አሁን እንደ ፍም ቀልታለች። ምስክር አምፖሏን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ወደ አጥሩ ዞረ። ከዚያ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ። በሩ እያለለት በአጥሩ ነው የዘለለው።

ወፍጮ ቤቱ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ምስክር ጋሼ ሰይፈን ለመናቸው፤ አጥፉልኝ አለ፤ አጠፉለት። እኔ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ፣ አባዬ አምፖሏን ይጠብቃሉ። አስነሡት ብዬ በአጥሩ ጮህሁ። ወፍጮው ተነሣ፣ አምፖሏ ፈዘዘች፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ዱቄት ይዘው የሚገቡበት ሰዓት አላቸው። ሁለተኛ ሞከርን፤ ያው። ሦስተኛ ስንል አንዷ ሴትዮ ሥራ ፈቶች አለችን፤ ልክ ናት፣ ግን ሞከርን። ያው። በበዓል ቀን ጋሼ ሰይፈ ወፍጮ አያስነሡም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ይዘጋሉ። እኔ ያን ሁሉ ቀን በእርሳስ ምልክት ሳደርግ የከረምሁት የኮምፒውተሩን ሳይሆን የወፍጮውን ዕረፍት ኖሯል።

ምስክር ላብ በላብ ሆኖ ተመልሶ ለአባዬ አስረዳ። የወፍጮው ሞተር ሲነሣና ሲፈጭ ኃይሉን ይጎትተዋል፤ በዚያው መስመር ላይ ያለ ዕቃ የሚደርሰው ጉድለት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ አቅሉን ነው የሚስተው። አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኮርማና ጥጃ ባንድ ገንዳ ነዋ ያጠጣችሁት።»

ጋሼ ሰይፈ ዱቄት እንደለበሱ መጥተው አፈሩ፤ በሰጠሁት መብራት ሥራችሁን ገደልሁባችሁ አሉ። ኧረ እኔ ነኝ ማፈር የሚገባኝ ብል ማን ሰምቶኝ። በስሜ ቆጣሪ እስኪገባልኝ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ወፍጮውን ከቀትር በኋላ ነው የማስነሣው ብለው ማሉ። ስንት ደንበኛ እንደሚያስቀይማቸው አውቃለሁ። ገዥ ተብሎ የተጠራው ነጋዴ ሲመጣ አባዬ ራሳቸው ከደጅ መለሱት። በሬውስ አልሁ ፈራ ተባ እያልሁ። ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር እናቀናጃለን፣ ለከርሞ ልጁ ይገዛልኛል አሉ።

ዱላቸውን ይዘው ለመሄድ ተነሥተው ነበር። በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱና እማማ ወይኒቱ ተቀምጠውበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ለአንዲት ልጅ ስኳር እመዝናለሁ።

«ምስክር፣ ያኔ ከትምህርትህ ሲመልሱህ ምን ሆነህ ነበር? አልጠየቅሁህም እኮ።»

ምስክር የሣጥኑን ጎን መልሶ እየገጠመ ነበር። ብሎኑን ጨርሶ አጥብቆ፣ ታይፎይድ ነበረብኝ አለ። የፈተናው ሰሞን አሥራ አራት ቀን ተኝቻለሁ። ግማሹን ፈተና አልተቀመጥሁም። ለምን አላስጠራኸኝም አሉት። የውቂያ ሰሞን ነበር፣ እህሉ ዐውድማ ላይ ነበር፣ ጥለውት ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ አላቸው።

አባዬ መሬት መሬቱን አዩ። «እህሉማ ይጠብቅ ነበር» አሉ።

ስኳሩ ከሚዛኑ ፈሰሰብኝ። ልጅቷ ስታየኝ ተሳቀቅሁ፤ ሰብስቤ ሰጠኋት፣ ትርፉንም ጨመርሁላት። ከዚያ አባዬ እያሉ፣ ደንበኛም በሩ ላይ ቆሞ፣ ወንድሜ ፊት ሄጄ ቆምሁ። ትናንት ያልሁህን አፌ አይድገመው፣ ይቅር በለኝ አልሁት፤ እንባዬን መያዝ አልቻልሁም። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። እህቴ፣ ሰውየው ቆመው ቀሩ እኮ፣ አስገቢያቸው አለኝ። ከደምበጫ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የውርስ ማመልከቻ ነበራቸው። ወፍጮው እስኪነሣ ድረስ አራት ገጽ ጻፈላቸው።