ጦርነቱ ያልበላው ቤት

ኑሀን ለጠየቀው ሰው ጦርነቱ ያልበላው ነገር የለም። ላሞቹን በላ፣ ለቤት መሥሪያ የተገዛውን ቆርቆሮ በላ፣ ሚስቱ ዘሊካ ከጅዳ በካርጎ የላከችውን ዕቃ በላ፣ በየወሩ የላከችውንም ገንዘብ ጠራርጎ በላ። ቆቦ ውስጥ ደግሞ ይህን የሚከራከር አልነበረም። ጦርነቱ ያልነካው ቤት ስላልነበረ፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የራሱን አስታውሶ አብሮ ያለቅሳል እንጂ ማስረጃህን አምጣ አይልም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ጦርነቱ በእርግጥ ብዙ በልቷል፤ ኑሀ ግን እሱ ራሱ የጎረሰውንም በጦርነቱ አሳበበ።

ዘሊካ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው አሮጊት ስታገላብጥ ኖራ ስትመለስ ባሏ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበላትና አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች። ሞኝ! ያንን ዕንባ ባስታወሰች ቁጥር ዛሬም በገዛ ራሷ ትናደዳለች። ብዙም ሳይቆይ የኑሀ ጠባይ ተለወጠ። ወጡ ጨው በዛበት፣ ድምፅሽ ጎላ፣ ዐረብ አገር አበላሸሽ ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻም ፈታት። ለልጃቸው ለዘኪያ ቀለብ ቁረጥ ሲባል ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ከለበስኩት ሽርጥ በቀር የለኝም" አለ። በስሙ የሚገኝ ንብረት ስላልነበረ የሚፈረድበትም ጠፋ። ዘሊካ ልጇን ይዛ ወንድሟ ጀሚል ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ገባች። የጀሚል ሚስት ደግ ሴት ናት፤ ይሁን እንጂ የደግ ሰው ቤትም ቢሆን የሰው ቤት ነው።

መጋረጃውን ያየችው አንድ ቀን ለጉዳይ ወደ አላማጣ ስትሄድ ነው። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ዋጃ ላይ ቆመ። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አዲስ የብሎኬት ቤት ነበር፤ በመስኮቱ ላይ ትልልቅ ወርቃማ አበባ ያለው ወይን ጠጅ መጋረጃ ተሰቅሏል። ዘሊካ እንዲህ ያለ መጋረጃ ገዝታ፣ ጠርዙን በገዛ እጇ ዘምዝማ፣ በካርጎ ልካ ነበር።

"ወራጅ!" ብላ ጮኸች።

"እህት፣ አላማጣ አይደል እንዴ የከፈልሽው?" አላት ረዳቱ።

"ወራጅ አልኩህ!"

ወደ ቤቱ ተጠግታ መስኮቱን አየች። ያን ጊዜ ጅዳ ሆና ስትዘመዝም ወርቃማው ክር አልቆባት ታችኛውን ጠርዝ በቀይ ነበር የጨረሰችው። ቀዩ ክር እዚያው ነበረ። በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

የከፈተችላት ጀዊሪያ ናት፣ የኑሀ ታላቅ እህት። ጀዊሪያ ባሏ ቀድሞ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ዕድሜዋን በዘመድ ቤት ጥግ ለጥግ የጨረሰች ሴት ናት። አሁን ግን በሩን በትከሻዋ ሞልታ ቆመች።

"ምን እግር ጣለሽ?"

"መጋረጃዬ ነው የጠራኝ፣ እትየ ጀዊሪያ።"

"የምን መጋረጃ?"

"ይኸዋ! ጦርነቱ በላው የተባለው!"

"ገበያ የሞላው መጋረጃ ነው። ገዝቸው ነው።"

"ቤቱስ? እሱም ገበያ ሞልቶ ነው?"

"ቤቱ ቤቴ ነው" አለች ጀዊሪያ። "ካርታው በስሜ ነው። ሂጅ ከደጄ!"

ዘሊካ አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ አወረደችው፤ ጀዊሪያም አላነሰቻትም። ሆኖም የዘሊካ አፍ ሲሳደብ ዓይኗ ሥራ አልፈታም ነበር። ደጃፉ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ከግንቡ ሥር የሎሚ ችግኞች ተተክለዋል፤ ፍየል እንዳይደርስባቸው እያንዳንዳቸው በእሾህ ታጥረዋል። የአደራ ቤት የሚጠብቅ ሰው ቢበዛ ሽንኩርት ይተክላል። ሎሚ የሚተክል ሰው ፍሬውን እዚያው ሆኖ ሊበላ ያሰበ ነው። በሩ ፊቷ ላይ ሲዘጋ ዘሊካ ይህን እያሰላሰለች ነበር።

ከቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ለምለም የምትባል የአላማጣ ሴት ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ጠርታ ወንበር ሰጠቻት።

"አይዞሽ ሓፍተይ፣ አይዞሽ እህቴ" አለቻት። "አንቺን ብቻ አይደለም እንዲህ የምታባርረው። ወንድሟ'ኮ ራሱ ሲመጣ ጫማውን ውጭ ታስወልቀዋለች። ባለፈው 'ሳትነግረኝ እንዳትመጣ' ብላ ስትጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

"ይኸን ዳኛ ፊት ትናገሪልኛለሽ?"

"አልናገርም። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ነገ ክብሪት የምትገዛኝ እሷ ናት።"

ዘሊካ አልተቀየመቻትም። አላማጣ መሄዱን ትታ ወደ ቆቦ የሚመለስ መኪና ያዘች።

ጀሚል ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ካርታው በጀዊሪያ ስም ከሆነ ፍርድ ቤት ምስክር ይላል፤ ግንበኞቹ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። ዘሊካ ግን የአገር ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አለች። ኑሀ ይህን ሲሰማ በደስታ እሺ አለ፤ ለምን እንደተደሰተም ሁሉም ያውቃል። በሽማግሌ ዘንድ ምስክር ያጣ ከሳሽ ባላጋራውን ያስምላል። የተማለበት ነገር ተዘጋ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አነሣዋለሁ የሚል ሰው ከአገሩ ጋር ይጣላል። ኑሀ ደግሞ ወላሂ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። እሱን አስምሎ ገንዘቡን ያስመለሰ አንድም ሰው የለም።

ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከመስጊዱ ጀርባ ሾላው ሥር ተቀመጡ። መሐል ላይ ሼህ ሙሀመድሰይድ ነበሩ፤ ጥርሳቸው አልቋል፣ ጆሯቸው ግን ቃል አታመልጠውም። ኑሀ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ መፋቂያውን እያኘከ መጣ። ጀዊሪያ ከኋላው ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

"ኑሀ" አሉ ሼሁ፣ "ዋጃ ባለው ቤት እጅህ አለበት?"

"የለበትም ሼሁ። እኔ ድሃ ነኝ፤ ጦርነቱ በልቶኛል።"

"የማን ነው?"

"የእህቴ ነው። አላህ ሰጣት።"

"ዘሊካ፣ ምስክር አለሽ?"

"የለኝም አባባ ሼሁ።"

"እንግዲያ መሐላ ነው። ኑሀን እናስምለው?"

ኑሀ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጀለቢያውን ሰበሰበ፤ ለመማል ሊነሣ ነው።

"ይቀመጥ" አለች ዘሊካ። "ለእሱ መሐላ ቁርሱ ነው። እትየ ጀዊሪያ ትማልልኝ። ቤቱ የኔ ነው ብላ ቁርአን ይዛ ትማል። ብቻ ሼሁ፣ ሙሉውን ያስምሉልኝ፤ ቀዳዳ አይኑረው። ከማለች እኔም ልጄም ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት ላይ ሀቅ የለንም።"

ሾላው ሥር ማጉረምረም ሆነ። ጀሚል የእህቱን ክንድ ጨመደደው።

"አብደሻል እንዴ? ትምላለች'ኮ!"

"ትማል።"

"ትምላለችና ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ! ዘኪያንስ?"

ዘሊካ ክንዷን አስለቀቀች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የምትጥል እንዳትሆን ፈራች፤ ብብቷ ውስጥ ግን የቀረ ነገር አልነበረም። ኑሀ ፈገግ ብሎ ለእህቱ በአገጩ ምልክት ሰጣት። ጀዊሪያ ተነሣች፤ ያለአንዳች ማንገራገር ተነሣች። ሼሁ ቁርአኑን አሲዘው ቃሉን ይሰጧት ጀመር።

"ዋጃ ያለው ቤት የኔ ነው።"

"ዋጃ ያለው ቤት የኔ ነው" አለች ጀዊሪያ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

"የዘሊካ ገንዘብ አልገባበትም።"

እዚህ ላይ የጀዊሪያ ጣቶች ቁርአኑ ላይ ጠበቅ አሉ። "የዘሊካ ገንዘብ አልገባበትም።"

ጀሚል ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"የወንድሜ የኑሀም እጅ የለበትም።"

ጀዊሪያ ይህን ስትል ከመጽሐፉ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው፤ ፊት ለፊት፣ ዓይኗን ሳትሰብር። "የወንድሜ የኑሀም እጅ የለበትም።" ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይኸኛውን ነው በፍጥነት ያለችው።

የኑሀ ፈገግታ ባለበት ደረቀ። እህቱን አያት። ይህች ሴት እያገዘችው አይደለም። ሰው ሁሉ እያየ፣ እሱ ራሱ በሰጣት ቃል፣ ቤቱን እየወሰደችበት ነው።

"ከዛሬ በኋላ፣ በቁሜም ሆነ ስሞት፣ ኑሀም ሆነ ልጆቹ እዚህ ቤት ላይ ሀቅ የላቸውም።"

"ከዛሬ በኋላ፣ በቁሜም ሆነ—"

"በቃ!" ኑሀ ዘሎ ተነሣ። "በቃ! አትማይ!"

"ምነው ኑሀ?" አሉ ሼሁ።

"ቤቱ የኔ ነው! አደራ ነው የሰጠኋት!"

"አሁን እጄ የለበትም አላልክም?"

"ተሳስቼ ነው፣ ሼሁ።"

"እሺ፣ ተሳሳትክ። በምን ሠራኸው? ጦርነቱ በልቶኛል ብለህ የለም?"

ኑሀ ግራ ቀኙን አየ። "በላቤ" አለ በመጨረሻ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። የኑሀን ላብ ጫት ሲቅም ካልሆነ በቀር ያየ ሰው ቆቦ ውስጥ የለም። ጀዊሪያ ግን አልሳቀችም።

"ላቤ ነው የሚለው?" ብላ ጮኸች። "የማን ላብ? ፀሐይ ላይ ቆሜ ውሃ የቀዳሁት እኔ፣ ግንበኛ ያበላሁት እኔ! አንዲት ክፍል እሰጥሻለሁ ብሎኝ ነበር። ባለፈው መጥቶ 'ልሸጠው ነው፣ ዕቃሽን ሰብስቢ' ይለኛል! የት ልግባ? የትኛው ዘመድ ጥግ ልሂድ?" ወደ ሼሁ ዞረች። "የእሱ አይደለም። የዘሊካ ነው! ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው የዘሊካ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከጅዳ ሲመጣ አብሬው ሄጄ አይቻለሁ፤ ግማሹን ያባክነዋል፣ በተረፈው ሲሚንቶ ይገዛል። በዚሁ በያዝኩት ቁርአን! ወላሂ!"

ሌባን ሌባ ቢሰርቀው ምን ይደንቀው ይባላል፤ ኑሀን ግን ደነቀው። "እህቴ አይደለሽም!" እያለ ሊይዛት ሲል ሁለት ሰዎች ያዙት። እሷም "ውሻ!" አለችው፤ ሌላም ብዙ አለችው። ሾላው ሥር ለተወሰነ ጊዜ ከስድብ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ሼህ ሙሀመድሰይድ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ።

"ጀዊሪያ፣ ቅድም በዚሁ መጽሐፍ ያልሺውን አላህ ይቅር ይበልሽ፤ ተውበት ግቢ። ኑሀ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቦታ ለምስክርነትም ሆነ ለመሐላ አትቆምም። ባልም ቢይዘው የሴት ገንዘብ የሴት ነው። ቤቱ የዘሊካ ነው። ካርታው በስሟ ይዞር፤ አናዞርም ካላችሁ እኛው ፍርድ ቤት ሄደን የሰማነውን እንመሰክራለን። ቁልፉን ስጧት።"

ጀዊሪያ አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን ቁልፍ በጥሳ መሐል ላይ ወረወረችው። አቧራው ውስጥ ወደቀ።

"ይኸው! አንሽው!"

ሁሉም ዘሊካ እስክታጎነብስ ጠበቀ። አላጎነበሰችም።

"አላነሣም" አለች። "ስድስት ዓመት ከሰው ወለል ላይ ያነሣሁት ይበቃኛል። ኑሀ ያንሣልኝ።"

"እኔ ነኝ እንዴ የጣልኩት?" አለ ኑሀ።

"አንሣ!" አሉ ሼሁ።

ኑሀ አጎነበሰ። ነጭ ጀለቢያው አቧራ ጠረገ። ቁልፉን አንሥቶ ዓይኗን ሳያይ እጇ ላይ አደረገላት፤ እሷም ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ጀሚል አጠገቧ ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ሰው መበተን ሲጀምር ጀዊሪያ ብቻዋን ሾላው ሥር ቀረች። ወንድሟ ሳያያት አልፏል። ዘሊካ ሄዳ ፊቷ ቆመች።

"እስከ ጁምአ ማታ ውጪልኝ" አለቻት።

"ነገ'ኮ ነው ጁምአ።"

"የነገውን አይደለም፤ የሳምንቱን።"

ጀዊሪያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። መሬቱን እያየች፣ "ሎሚዎቹስ?" አለች።

ዘሊካ ይህን አልጠበቀችም። እነዚያን በእሾህ የታጠሩ ችግኞች አስታወሰች፤ ቀጥላም በዚያው ደጃፍ ላይ "ሂጅ ከደጄ" ስትባል አስታወሰች።

"አልነቅላቸውም" አለቻት። ከዚያ በላይ የምትሰጠው ምሕረት በዚያ ቀን አልነበራትም፤ ዞራ ወደ ወንድሟ ሄደች።