የአቶ ተክለ ጊዮርጊስ ግፊት

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አዘዞ ያለውን ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በደም ግፊታቸው ነበር። ምሳ ሲዘገይ ወይም ሚስታቸው ወይዘሮ ዝናሽ ሲከራከሯቸው ክንዳቸውን አስረው ይለካሉ። መቶ አርባ ምናምን ሲወጣ ቤቱ ጸጥ ይላል።

መለኪያው ሲበላሽ ልጃቸው ሚስጥር አዲስ አመጣችላቸው። ሚስጥር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ መለኪያው የሥራ ባልደረባዋ ከውጭ ሲመለስ ያመጣላት ነው። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጠዋት ሲለኩ አሥራ ዘጠኝ ወጣ፤ ከሥሩ አሥራ ሁለት። ደግመው ለኩ፤ ያው ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ተጋደሙና የንስሐ አባታቸው እንዲጠሩላቸው አዘዙ።

ወይዘሮ ዝናሽ ለልጃቸው ደውለው የአባትሽ ግፊት ከመቶ አርባ ወርዶ አሥራ ዘጠኝ ገባ አሏት። ሚስጥር ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢባሉ በዚህ ግፊት መኪና ላይ አልወጣም ብለው ተቆጡ። በዚህ ግፊት ሰው እንዴት ይቆጣል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ዳኛው ከሚባል ጎረቤታቸው ነው። ዳኛው ከዳባት ገጠር መጥቶ አዘዞ ቤት የሠራ፣ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት የማያጣ ሰው ነው።

«አያ ተክሌ፣ ግፊት የሚያነሳው ጨው ነው» አለ። «ሸጋ አርገህ ብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው የበዛበት መረቅና የቋንጣ ፍርፍር ሆነ ምግባቸው። ግፊቱም ሃያ፣ ከዚያ ሃያ አንድ ሆነ። ቤተሰቡ ተደሰተ። ዳኛው በየማለዳው እየመጣ ቁጥሩን ይጠይቅና ለመንደሩ ያዳርሳል። ሃያ ሦስት የሞላ ዕለት ወይዘሮ ዝናሽ እልል አሉ። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ራሴን ያዞረኛል ቢሉም፣ ደም ሲመለስ እንደዚያ ያደርጋል ተባሉ።

በዚያው ዕለት ሚስጥር ክፍል ውስጥ ነበረች። ይበልጣል የሚባል ተማሪ የአንድ በርሜል ግፊት አስልቶ ሰሌዳው ላይ ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ። የመለኪያ አሃድ ካልተጻፈ ነጥብ መቀነስ ልማዷ ነውና፣ «ሃያ ሦስት ምን?» አለችው። «ፓስካል ነው? ባር ነው? ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው?» ከዚያ ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ተተከለ። ተማሪዎቹ መልስ የምትጠብቅ መስሏቸው ሁሉንም ሞከሩ። እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አዘዞ ስትደርስ አባቷ መረቅ ይጠጣሉ። መለኪያውን አገላብጣ አየችው። ጠርዙ ላይ በደቃቅ ፊደል የኪሎፓስካል ምልክት ነበረ። ሃያ ሦስቱን ወደተለመደው ሚሊሜትር ሜርኩሪ ለመለወጥ በልቧ በሰባት ከግማሽ አባዛችው።

«አባዬ፣ ማንኪያውን አስቀምጥ» አለች። «ግፊትህ መቶ ሰባ ሁለት ነው።»

«አሥራ ዘጠኙስ?»

«እሱ የድሮው መቶ አርባህ ነበር። ምንም አልሆንክም ነበር።»

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ከዚያ የታመሙት ገና አሁን መሆኑ ገባቸው፤ ሰው ሳይደግፋቸው ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ።

ሆስፒታል ያገኙት ሐኪም ምን በልተው እንደሰነበቱ ሲሰማ ሁሉንም በየተራ ተቆጣ። ክኒን አዘዘና ጨው ከለከለ። ሚስጥርን ምን ትሠሪያለሽ ሲላት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አለችው።

ማታ መለኪያውን ወደ ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቀየረችው። በማግሥቱ ዳኛው ሊጠይቅ መጣ። ቁጥሩ መቶ ሰባ ሁለት መድረሱን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እሱስ እንዲህ ፈጥኖ ይነሣል ብሎ እንዳልጠበቀ ተናገረ። ወይዘሮ ዝናሽ የያዘውን ፌስታል ሳይፈትሹ ከበር አላሳለፉትም።