ኮምፒውተሩ የጠየቀው ጥያቄ

ክሊኒኩ ሁሉ «እታለም» የሚላት የላብራቶሪ ባለሙያ ያን ቀን ደሟ ፈልቶ ነበር። ቢፈላም አይፈረድባትም። ኮምፒውተሯ አፕዴት ከተደረገ ወዲህ፣ የምርመራ ውጤት ወደ ሐኪሞቹ ክፍል የሚልከው ፕሮግራም ድርቅ ብሎ ይቀራል። «ላክ» ስትለው «ጠብቁ» የምትለዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ስክሪኑ ይነጣል። እሷም ውጤቱን በወረቀት ይዛ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ጉልበቷ አለቀ። ይሄ አልበቃ ብሎ አስተዳዳሪው «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» ብሎ ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል መድቧታል። ዕድሜዋን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ኖራ አሁን ካርድ ልታቀብል! ደግሞ እኮ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አላጣራም።

ነገሩን ለአስተዳዳሪው ያቀበለው የአይቲው ልጅ ነው። ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ «አጥፍታችሁ አብሩት» ስለሆነ «ሪስታርት» ይሉታል። እንደ ልማዱ አጥፍቶ አበራ። ገመድ ቀየረ። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ጫነ። ወይ ፍንክች!

«እታለም፣ የሆነ ነገር ነክተዋል» አላት ላቡን እየጠረገ።

«ምን እነካለሁ? አፕዴቱ እንዳለቀ ‹ይህ ፕሮግራም ኔትወርክ እንዲጠቀም ይፈቅዳሉ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹አይ› አልኩት።»

«እንዴ! ለምን ‹አይ› ይሉታል?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው! ቫይረስ የገባ ጊዜ ሁላችንንም ሰብስበህ ‹ኮምፒውተሩ ምንም ቢጠይቃችሁ አይ በሉ› አላልክም?»

ልጁ ማውሱን ሳብ አደረገ። የታገዱትን ፕሮግራሞች ከፍቶ አየ፤ የእሷም እዚያው ተቀምጧል። ፈቀደለት። ተጠራቅመው የነበሩት ውጤቶች ተከታትለው ሄዱ።

አስተዳዳሪው መሠራቱን ሰምቶ መጣ። «ጎሽ! ምን ሆኖ ነው?»

«አፕዴቱ ነው ጌታዬ» አለ ሪስታርት፣ አቀርቅሮ።

እታለም ጣልቃ ገባች። «እውነቱን ተናገር እንጂ!»

ልጁ እየተንተባተበ ተናገረ። አስተዳዳሪው ሳቅ ብሎ፣ «በቃ፣ ይርሱት እታለም። ካርድ ክፍሉም ቀርቷል» አላት።

ይርሱት? ውሃ የፈሰሰ መሰለው እንዴ?

«ማሽኑ እንኳ ፕሮግራሙን ከመዝጋቱ በፊት ጠይቆኛል» አለች። «እናንተ ግን ካርድ ክፍል ስትወረውሩኝ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

 እሷም ጓንቷን አጥልቃ ወደ ማይክሮስኮፗ ዞረች።