ዝሆኑን አትንኩት

የእንስሳት ክሊኒኩ በር ገና ከመከፈቱ አንዲት ሴትዮ ወፍራም ድመት ታቅፋ ገባችና የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቱ መሃል፣ አስቀመጠቻት። ድመቷ ሚሚ ትባላለች። ሴትዮዋ ደግሞ የሚሚ እናት ካልተባለች የምትቀየም ናት።

«ክትባቷ ትናንት ነበር። የደወለልኝ ሰው የለም። ረስታችኋታል!»

መዝጋቢዋ ከድመቷ ሆድ ስር የክትባት ዝርዝሩን ስባ አወጣችና በጣቷ ወረደችበት። ነብሮ አለ፤ አንበሴ አለ፤ ጃክ አለ፤ ጥቁሬ አለ። ሚሚ የለችም። ቡቺም የለም። ሎሚ የምትባለው ጥንቸልም የለችም። ሰማንያ ሦስት ታካሚ የነበረው ዝርዝር አርባ አንድ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

«ሚሚዬ፣ ከመዝገብ ፍቀውሻል» አለች ሴትዮዋ። ሚሚ ዓይኗን ጨፈነች። መርፌ የቀረባት እሷ ናት፤ ነገሩ ብዙም አልከበዳትም።

ጩኸቱን ሰምታ ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ከምርመራ ክፍሉ ወጣች። የመዝጋቢዋ ታናሽ እህት ናት፤ ክሊኒኩም የሷ ነው። ሚሚን ከነእናቷ ወደ ውስጥ አስገባችና ተመልሳ ዝርዝሩን አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ ፕሮግራም አበቃለት። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሻጩ አዲሱን ይዞ ይመጣል። እስከዚያ ካስተካከልሽው እሰየው። ካልሆነ ግን ይውጣ። ስምንት ዓመት አገለገለን፤ አልበደለንም፤ ይበቃዋል።»

«እስከ አስር ሰዓት» አለች መዝጋቢዋ።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባሏ ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። በሚቀጥለው ወር፣ ከሞተ ዓመት ይሞላዋል። ኮቶቹን ሰጥታለች፤ መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤቱ ልካለች፤ ሁለቱንም ስታደርግ ሰው ፊት ነበረችና ደህና ነበረች። ይሄ ፕሮግራም ግን በየማለዳው ሲነሳ «እንደምን አደርሽ? ዛሬስ ማን ነከሰሽ?» ይላታል። እሷም ማንም በሌለበት «ገና ነው» ትለዋለች። ከዚህ በላይ የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ ከዚህ ባነሰ ግን አትስማማም።

የተጻፈው ሊስፕ በሚባል የቆየ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቅንፍ በቅንፍ የሆነ። እህቷ ገና ያየችው ቀን «አማቼ፣ ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ የጥፍር ቁራጭ?» ብላው ነበር። መዝጋቢዋ ከጎኑ ተቀምጣ ትንሽ ትንሽ ለምዳለች፤ የተሰበረ ግን ጠግና አታውቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሯን ከፈተችና የቅንፍ ወዳጆች የሚባለው የኢንተርኔት ቡድን ውስጥ ጻፈች። ባሏ የዚህ ቡድን አባል አልነበረም። ሰው ከሚጠይቅ ሳምንት ሙሉ ችግሩ ላይ ቢያፈጥ የሚመርጥ ዓይነት ነበር።

«ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ዓመት የሠራ ፕሮግራሜ ከትናንት ጀምሮ ተበላሸ። ዝርዝሬን በፊደል ተራ ስደረድረው ግማሹ ይጠፋል። ፋይሉን ስከፍተው ግን ሁሉም አሉ። እባካችሁ።»

ቀድሞ የመለሰው ምላጭ የሚባለው ነው። እዚያ ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጠራም።

«ወንድሜ፣ ኮድ ሳታሳይ እባካችሁ ማለት ሐኪም ጋ ደውሎ አመመኝ ብሎ እንደ መዝጋት ነው።»

«እህትህ ነኝ» ብላ ጻፈችና ኮዱን ለጠፈችው።

«እህቴ፣ መጀመሪያ ቅንፍሽን ቁጠሪ።»

«አስራ አራት ተከፈተ፤ አስራ አራት ተዘጋ።»

«ጎበዝ። ከኔ ትሻያለሽ።»

ዳቦ ጋጋሪው የሚባለውም ወደ ቡድኑ ገባ። እውነትም ዳቦ ጋጋሪ ነው። «ሊጡ እስኪነሳ አርባ ደቂቃ አለኝ» አለ። «ፋይሉ ውስጥ አንደኛ የተጻፈው ማነው?»

«ነብሮ የሚባል ውሻ።»

«ከጠፉት ውስጥ በፊደል ተራ ከነብሮ በኋላ የሚመጣ አለ?»

አየች። ሚሚ፣ ቡቺ፣ ሎሚ፣ ሻሼ። «አንድም የለም። ሁሉም ከሱ በፊት ናቸው።»

«ያዝኩት! ጋሽ ቅንፍ፣ ይምጡና ያስረዱ፤ እኔ እጄ ሊጥ ነው።»

ጋሽ ቅንፍ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ሲጽፉ ቀስ ብለው ነው፤ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

«ልጄ፣ እንስሶቹ አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ተሰልፏል እንበል። አንቺ የያዝሽው የመጀመሪያውን፣ የነብሮን ማሰሪያ ነው። ደርድር ስትዪው ኮምፒውተሩ ሰልፉን አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል፤ ሲጨርስም የአዲሱን መሪ ማሰሪያ ያቀብልሻል። ይሄ ኮድ ግን እጁን አይዘረጋም። የነብሮን ማሰሪያ እንደያዘ ነው። ነብሮ ደግሞ አሁን መሃል ገብቷል። ከኋላው ያሉት ይከተሉታል፤ ከፊቱ ያሉትን የያዛቸው የለም።»

«ገባኝ» አለች። ደግሞም ገብቷት ነበር።

«እኔ ግን አልገባኝም» አለ ምላጭ። «እንዲህ ያለ ኮድ ስምንት ዓመት እንዴት ሠራ? ትናንት ምኑን ነካሽው?»

«ምንም። ዝሆኑን ብቻ ነው ያጠፋሁት።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጻፈ። «የምን ዝሆን?»

ነገረቻቸው። በፋይሉ አናት ላይ አንድ ዝሆን ነበር። ስሙ ሀሁ፤ ክብደቱ አልተመዘነም፤ ባለቤት በሚለው ቦታ መዝጋቢዋ ይላል። ስልኩ የቤታቸው ነው። በየወሩ ከዝርዝሩ አንደኛ ሆኖ ይታተማል፤ ደንበኞችም ያዩትና ይስቃሉ። ትናንት ማለዳ፣ የዚህን ወር ዝርዝር ከማተሟ በፊት፣ ስታጸዳ ሰረዘችው። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ጽዳት ነበር።

ሌላም ነገር ለጠፈችላቸው፤ ኮዱ ውስጥ ለሰው ብቻ የተጻፈች ማስታወሻ። «ዝሆኑን አትንኩት፤ ይረግጣል» ትላለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ቀልድ መስሏት ነበር።

«ቀልድ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «መመሪያ ነው እንጂ! ሀሁ በፊደል ከሁሉም ይቀድማል። መጀመሪያም አንደኛ፣ ከተደረደረም በኋላ አንደኛ። የዝሆኑን ማሰሪያ ለያዘ ሰው ማንም አይጠፋበትም።»

«ማለት» አለ ምላጭ፣ «ሰውዬው ስህተቱን አግኝቷል፤ አንድ መስመር ጽፎ እንደ ማረም ዝሆን አቆመበት! የዚህን ሰነፍ ስልክ ስጪን፤ ተራ በተራ እንስደበው።»

«ስልክ አያነሳም።»

«አገር ጥሎ ሄደ?»

«ከዚያም ይርቃል» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ቅንፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት ጻፉ። «ምላጭ፣ አፍህን ቅንፍ ውስጥ አግባና ዝጋው።»

«ምን አልኩ? … ውይ። ይቅርታ እህቴ። አፌን ቁርጥ ያድርገው።»

«አፍህ ይቆይ። ስለ ስንፍናው ልክ ነህ። ካልሲውንም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ጥንድ ጥንዱን አጣምሮ፣ በቀለም ደርድሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ሳያስገባ አልጋው ላይ ትቶት ይሄዳል።»

«ስህተቱ እኮ ይሄው ነው!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ደርድሮ አለማስቀመጥ!»

መዝጋቢዋ ብቻዋን ሳቀች። አዲስ የመጣ ውሻ ቀና ብሎ አያት።

አስር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ቅንፍ ያሏትን መስመር ጻፈች፤ የተደረደረውን መልሶ በዝርዝሩ ስም የሚያስቀምጥ። ቁልፉን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች።

«ድርቅ ብሎ ቀረ» አለቻቸው።

«አልደረቀም» አለ ምላጭ፣ በጣም በለሰለሰ አነጋገር። «እየጠበቀሽ ነው። አንድ ቅንፍ አልዘጋሽም።»

ዘጋችው። ማተሚያው ሳል እንደያዘው ሰው ትንሽ ተንገራገጨና ወረቀቱን ተፋው። ሎሚ፣ ሚሚ፣ ሻሼ፣ ቡቺ፣ ነብሮ። ሰማንያ ሦስት።

ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀበለች። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየች።

«ሁሉም አሉ። ዝሆኑስ?»

«አጠፋሁት። ሰው ይስቅብናል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ይስቅብናል አልኩ እንጂ ይጥፋ አልኩ?»

መዝጋቢዋ ተቀመጠችና ሀሁን እንደነበረው አድርጋ መለሰችው፤ ክብደቱ አልተመዘነም፤ ባለቤት፣ መዝጋቢዋ።

ሻጩ በሰዓቱ ደረሰ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ የእንስሳት ክሊኒክ ጥቁር ሱፍ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ያህል ደፋር እንደሆነ የድመትና የውሻ ፀጉር ሲጣበቅበት ገባው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየ። ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል።

«የእንስሳውን ዓይነት እዚህ ይመርጣሉ። ውሻ፣ ድመት፣ ወፍ፣ ሌላ።»

«ዝሆን የት አለ?» አለች ሐኪሟ።

ሻጩ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። በሩ ዝሆን አያስገባም። «ዝሆን ታክማላችሁ እንዴ?»

«ስምንት ዓመት። አንድ ቀን ታሞብን አያውቅም።»

«እ… ሌላ በሚለው ስር ማስገባት ይቻላል።»

«የቤተሰቤን ዝሆን ሌላ አልለውም» አለች። «ለማንኛውም የኛው ድኗል። ለድካምህ እናመሰግናለን። ሱፍህን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።»

ሻጩ ወጣ። ሁለቱ እህቶች አልተያዩም። ታናሽየው የሌለ ጓንት ለመፈለግ ገባች።

መዝጋቢዋ ቡድኑ ውስጥ «ተስተካከለ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ጻፈች።

«ዝሆኑስ ወጣ?» አለ ምላጭ።

«አለ።»

«እህቴ፣ አሁን እኮ ምንም ሥራ የለውም!»

«ሥራ የሌለው ሁሉ ከወጣማ አንተን ማን ያቆይሃል?»

የመዝጊያ ቅንፍ ከየአቅጣጫው ዘነበ፤ እዚያ የሚሳቀው እንደዚያ ነው። ጋሽ ቅንፍ አንድ ብቻ ላኩ።

ልትዘጋው ስትል ወደ ኮዱ ተመለሰች። ማስታወሻው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ዝሆኑን አትንኩት፤ ይረግጣል። አላረመችውም። ከስሩ፣ በሌላ መስመር፣ አንድ ጨመረች።

«አሁን አይረግጥም። ቢሆንም አትንኩት።»